የደበዘዘችው መስመር

ሁለቱ ልጆች ሰማያዊ ብርሃን በሚፈነጥቅ ሳጥን ላይ አቀርቅረዋል። በሳጥኑ ላይ የተዘረጋው፣ ዲኤንኤ የሚለይበት ስስ ጄል በግራ በኩል ቦግ ያለች መስመር ይታይበታል። እሷ ግን የእነሱ አይደለችም። የእነሱ በቀኝ በኩል ያለችው ናት፤ አለች ቢሏት አለች፣ የለችም ቢሏት የለችም።

አንደኛዋ ዝምታ ስለምታበዛ «ጭምቷ» ይሏታል። ጓደኛዋ «ንፋስ» ናት፤ ስሟ የወጣው ከምላሷና ከእግሯ ፍጥነት ነው። ላብራቶሪው ደግሞ የጭምቷ አክስት የምትሠራበት ነው።

ሥራው በዲኤንኤ ማስላት ነበር። ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ባቡር ጣቢያ፦ ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እየነካ የሚያልፍ መንገድ አለ ወይ? ለእያንዳንዱ ቦታ አጭር የዲኤንኤ ክር ተሰጠው። ለመንገዶቹም ተሰጣቸው፤ የመንገዱ ክር ግማሹ ከመነሻው፣ ግማሹ ከመድረሻው ጋር ይገጥማል። ሁሉም በአንዲት ጠብታ ውስጥ ሲቀላቀሉ ክሮቹ ራሳቸው እየተፈላለጉ ይገጥማሉ፣ የማጣበቂያ ጠብታ ሲጨመርም ይያያዛሉ፤ ስፍር ቁጥር የሌለው መንገድ በአንድ ጊዜ ይሞከራል። አብዛኛው ስህተት ነው። ትክክለኛው ተለቅሞ ሲወጣ ጄሉ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል።

ቦግ ያለችው መስመር አክስትየዋ ለማነጻጸሪያ ያዘጋጀቻት ነበረች። የልጆቹን መስመር ደጋግማ አየችና ይህ ተስፋ የሚሰጥ እንጂ የሚታመን መልስ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ቅዳሜ መጥተው እንዲደግሙት ቀጠረቻቸው። የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ግን ነገ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጭምቷ ክፍል ስትገባ ንፋስ ቀድማ ሰሌዳቸውን አቁማለች። መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል፤ ቦግ ያለችው መስመር ብቻዋን ተቆርጣ። ከሥሯ «የእኛ ውጤት» ይላል።

«ይሄ እኮ የአክስቴ ነው» አለች ጭምቷ።

«አቦ አታካብጂ። መስመር መስመር ነው፤ ማን ይለየዋል? ለቲቸርም መስመራችን በርታለች ብዬ ነግሬዋለሁ።»

ጭምቷ «የእኛ» በሚለው ቃል ላይ ጣቷን አሳረፈች። ንፋስ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፤ ታላቅ ወንድሟ ሊያይ እንደሚመጣ ነገረቻት። ጀምራ የማትጨርስ እያለ ቤት ውስጥ መሳቂያ ያደረጋት እሱ ነው።

«የማጣበቂያውን ጠብታ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለች። «እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተሻል። ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ እንዲያውቅ አልፈልግም።»

 ዝም ማለት ለጭምቷ ቀላል ነገር ነው፤ ሰውም የሚያመሰግናት በዚሁ ነው። ዛሬ ግን ዝም ካለች ውሸቱ የሁለቱም ይሆናል። ብትናገር ደግሞ ጓደኛዋን በሰው ፊት ማዋረድ ነው። ምን እንደምትል ሳትወስን የሳይንስ መምህሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣና ከሰሌዳው ፊት ቆመ።

«እንዴት ጠርታለች» አለ። «የእናንተ ናት?»

ንፋስ ወንድሟ መጥቶ እንደሆነ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

«አይደለችም፣ ቲቸር» አለች ጭምቷ። ጆሮዋ ጋለ። «ይቺ ማነጻጸሪያ ናት። የእኛ ደብዝዛለች። ፎቶዋን አሁን እንለጥፋለን።»

መምህሩ አልተቆጣም። ፎቶውን ከጭምቷ ስልክ ላይ አጉልቶ ረጅም ጊዜ አየውና መስመሯ የደበዘዘችው ለምን እንደሚመስላቸው ጠየቀ። ጭምቷ ምክንያቱን ታውቅ ነበር፤ ግን መናገሩ የእሷ ድርሻ አልነበረምና ወደ ንፋስ ዞረች። በጎናቸው ያሉ ልጆች ጠረጴዛ ሲጎትቱ ተሰማ።

«የማጣበቂያው ጠብታ አንሶ ይሆናል» አለች ንፋስ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየች። «እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

መምህሩ ይህንንም እንዲጽፉት ነግሯቸው አለፈ።

ንፋስ ወንበሯን ከጭምቷ አርቃ አስቀመጠች። የደበዘዘችው ፎቶ ታትማ ስትመጣ ግን ተቀበለቻትና ቦግ ካለችው አጠገብ ለጠፈቻት። «የእኛ ውጤት» የሚለውን ወረቀት በጥፍሯ ላጥ አድርጋ ከአዲሷ ሥር አዛወረችው። ወረቀቱ ትንሽ ተንጋደደ።

ጭምቷ ልታቃናው እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መለሰችው። ወንበር ስባ ከጓደኛዋ ጎን ተቀመጠችና ሁለቱም በሩን ማየት ጀመሩ።