ጥዱን ማን አነደደው

ጉልላትን የገደለችው ጥይት በግራ ብብቱ ሥር ገብታ ሳትወጣ ቀርታለች። ሰሌን ላይ አጋድመው ነጠላ አልብሰውታል። እናቱ ወይዘሮ ወለተማርያም የመቀነታቸውን ጫፍ ነክሰው ከራስጌው ተቀምጠዋል። ንጋት ላይ በአጥሩ ሥር የገደሉት አስካሪዎች፣ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ ጠመንጃውን ወስደው ሬሳውን ሲተዉላቸው፣ ጣልያኑ አለቃቸው «ለቅሶ ከተሰማ ቤቱ ይነዳል» ብሎ አስተርጉሞ ሄዷል። ስለዚህ በዚያች የኅዳር 1931 ዓ.ም. ቀን፣ በጉለሌ፣ አንዲት እናት ልጇን ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። ጎረቤቱም ደጁን ዘግቶ ዝምታዋን ያዳምጥ ነበር።

አቶ ገለታ ከሸጎሌ በእግራቸው ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ከወረራው በፊት በከተማው ፖሊስ ውስጥ ብዙ የነፍስ ግድያ የመረመሩ ሰው ናቸው። አሁን ለጣልያን አላድርም ብለው ኮርቻ እየጠገኑ ይኖራሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሬሳው እጅ ነሡ።

«የገደለውን አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም። «እርስዎን ያስመጣሁዎት ማን እንደጠራው እንዲነግሩኝ ነው።»

«በምን ነበር የሚጠራው?»

«በጥድ። እንጦጦ ጫካ ከገባ ጀምሮ፣ ሰፈሩ ሰላም ሲሆን ጎህ ሲቀድ ጥድ አነዳለሁ። ሽታው ሽቅብ ይሄዳል። እሱም ይወርድና ስንቁን ይዞ ይመለሳል። ክፉ ቀን ከሆነ ግን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍማ በየቤቱ ይነዳል፣ ማን ልብ ይለዋል?»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ባሕር ዛፍ ነው ያነደድኩት። ቆስቁሼ ትቼው ኪዳን ለማድረስ ወጣሁ። አስካሪዎቹ ወንዙ ዳር አድፍጠዋል ብሎ ደቻሳ ቅዳሜ ስለነገረኝ፣ ይኸው አምስት ቀን ጥድ በእጄ አልነካሁም።»

እንጨት ሻጩ ደቻሳ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ከአጠገቡ አንድ ጎልማሳ የጋቢ ሸክሙን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከደቻሳ አይነቅልም።

«አንተስ የማን ነህ?» አሉት አቶ ገለታ።

«የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ነኝ።»

«ነጋዴ እንደዚህ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። ጋቢህ ደግሞ ባሩድ ባሩድ ይላል።»

ጎልማሳው ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባጫ እባላለሁ ጋሼ። የጉልላት ጓደኛ ነኝ፤ ዛሬም አብረን ነበርን። ሽታው ሲመጣ ‹እናቴ ጠራችኝ› ብሎ ሳቀ። እኔ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጠበቅሁት። አለቃችን ሲሰማ ‹እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የከዳውን ስም ይዘህ ና፤ ካላገኘህ የእንጨት ሻጩን ነገር ጨርሰህ ና› ብሎ ነው የላከኝ። ጥድ የሚያመላልሰው እሱ ነው። አስካሪዎቹን አየሁ ያለውም እሱ ነው።»

«አንገቴን በእንጨት ሸክም ነው ያደደርኩት» አለ ደቻሳ። «ቢላህ ይዶለዱማል።» ይህን ሲል ግን ወደ ጥጉ ይበልጥ ተጠጋ።

አቶ ገለታ ደቻሳን አስከትለው ወደ ማድ ቤት ገቡ። የቤቱ ጥድ ቆጥ ላይ ተደርድሯል። ተንጠራርተው አዩት፤ የሸረሪት ድር ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፣ አንድም ቦታ አልተበጠሰም። ጎንበስ ብለው ምድጃውን በእንጨት ጫፍ ጫሩት። ከአመዱ ሥር ቀይ ፍም ብልጭ አለ።

«ጥድ እንዲህ ፍም ያቆያል?»

«ጥድ? ጥድማ እንደ ሰርግ ዘፋኝ ነው ጌታዬ። ይንጣጣል፣ ይፈነጥራል፣ ከዚያ ወዲያው አመድ።»

«ባጫ!» ብለው ተጣሩ። «ያ ሽታ የርጥብ ጥድ ነበር ወይስ የደረቅ?»

ባጫ በሩ ላይ ቆሞ አሰበ። «የደረቅ። ያረጀ ጥድ ነው። የቤተ ክርስቲያን በር በፀሐይ ሲግል የሚሸተውን ያህል።»

«ያንተስ እንጨት?» አሉ ወደ ደቻሳ ዞረው።

«ያው ትናንት የተቆረጠ ነው፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። ደረቁን ማን ለኔ ይሰጣል? ለበር፣ ለቋሚ፣ ለአልጋ ነው የሚፈለገው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አቶ ገለታ ከጓዳው መጋረጃ ፊት ቆሙ። «እዚህ ማን አለ?»

«ምራቴ ባዩሽ ናት» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም። «አራስ ናት፣ ገና ስድስት ቀኗ። እሷን እንኳ ይተዉአት። አራስ ከመጋረጃ አትወጣ፣ እሳት አታነድ።»

«ልጠይቃት ብቻ ነው።» መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አደረጉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ።»

«ማርያም ታኑርዎት።» ድምፁ ከሩቅ ጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ባዩሽ ሕፃኑን ታቅፋ፣ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

«አባቱ አይቶታል?»

«አላየውም።»

«ለምን ይመስልሻል የቀረው?»

«ጥድ ስላልነደደ ነዋ። እማማ እንጨቱ አልቋል አሉኝ።»

አቶ ገለታ ቀጥሎ ሊጠይቁ የነበረውን ተዉት። አልጋው አጠገብ የአራስ ማሞቂያ የሸክላ ማንደጃ አለ፤ ውስጡ ከሰል የለም፣ ነጭ ልም አመድ ብቻ። መሬት ላይ የተነጠፈው ቁርበት አዲስ በተቃጠሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተወጋግቷል። ብርድ እንዳይገባ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚያየው መስኮት ላይ የሚወተፈው ጨርቅ ወለሉ ላይ ወድቋል። የአልጋው ግርጌ ደግሞ ጋቢ ተጋርዶበታል።

መጋረጃውን መልሰው ወጡ። ጓሮ ሄደው ከአጥሩ ሥር፣ ደሙ ካልደረቀበት ቦታ ራቅ ብለው፣ ብቻቸውን ተቀመጡ። በሥራ ዘመናቸው እውነትን ፈልገው ያጡባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። አግኝተዋት ምነው ባላገኘኋት ያሉት ግን ዛሬ ነው። ዝም ቢሉ ደቻሳ ይሞታል። ቢናገሩ ደግሞ… ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ተነሥተው ገቡ፣ መጋረጃውንም ሙሉ በሙሉ ገለጡት።

«ሁላችሁም ስሙኝ። የማድ ቤቱ ምድጃ እስከ ቀትር ፍም ነበረው። ጥድ ፍም አያቆይም፤ ስለዚህ እዚያ የነደደው ወይዘሮ እንዳሉት ባሕር ዛፍ ነው። የቆጡን ጥድ ማንም አልነካውም፣ ድሩ ደህና ነው። ደቻሳ የሚያመጣው ርጥብ ነው፤ ባጫ ያሸተተው ግን ደረቅ ነው።»

«ከውጭ ነዋ!» አለ ባጫ። «አስካሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ያነደዱት፤ ይህ ሰው ምልክቱን ሸጦላቸው።»

«ምልክቱን ቢያውቁ ኖሮ የመጀመሪያው ቀን አንድ ፍልጥ ጥድ አንድደው ይገላገሉ ነበር እንጂ፣ አምስት ቀን ወንዝ ዳር ውርጭ አይጠጡም። ዛሬ የጠበቁትን ሳይሆን የመጣላቸውን ነው የገደሉት። እንግዲህ ጥዱን ያነደደው ሰው ምልክቱን ያውቃል፣ አስካሪዎቹ መኖራቸውን ግን አያውቅም። ደቻሳ ያውቃል። ለወይዘሮም የነገራቸው እሱ ነው። አንተ ብታውቅ ጓደኛህን አትለቅም ነበር።»

ወይዘሮ ወለተማርያም ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ይብቃ፣ አቶ ገለታ። ተረድቻለሁ፤ አይጨርሱት።»

«ባልጨርሰው እወድ ነበር፤ ግን የዚህ ሰው ነፍስ አለ። ለባዩሽ ስለ አስካሪዎቹ ለምን አልነገሯትም?»

«ደንግጣ ጡቷ ይነጥፋል ብዬ» አሉ በሹክሹክታ። «እንጨት አልቋል አልኳት። እንዲሁ… እንዳትጨነቅ።»

አቶ ገለታ ወደ አልጋው ዞሩ። ባዩሽ እጇን ዘርግታ በአልጋው ግርጌ የተጋረደውን ጋቢ ሳበችው። የግርጌው ሳንቃ የለም። ተሰክቶባቸው የነበሩት ሁለቱ ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው፤ ውስጣቸው ያልጠቆረ ጥድ ነው፣ ገና ቀይ።

«ሲያገባኝ በእጁ የሠራው ነው» አለች። «እንጨት ካለቀ፣ አልጋው ጥድ አይደል ወይ ብዬ… እማማ እንደወጡ ነቅዬ ማንደጃው ላይ አደረግሁት። መስኮቱን ከፈትኩ። ልጁን ላሳየው ነበር፣ በቃ። ሌላ ምንም የለም። ተኩሱን ስሰማ ውታፉን መመለስ እንኳ አቃተኝ።»

ባጫ ደቻሳን አየው፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ።

«አንተ ወንድሜ» አለው መጨረሻ ላይ፣ «ይቅር በለኝ።»

«አንገቴን መልስልኝና» አለ ደቻሳ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ እንባው ቀደመው።

«አለቃዬን ምን ልበለው ጋሼ?» ሲል ባጫ አቶ ገለታን ጠየቀ። «ስም አምጣ ነው ያለኝ።»

«የኔን ንገረው» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም።

«እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ!» ባዩሽ ከአልጋው ወረደች። «እኔ ነኝ የጠራሁት፣ የኔን ይንገር!»

«ዝም በይ! ጥድ በዚህ ቤት የማነደው እኔ ነኝ፤ ይህንን ጫካው ሁሉ ያውቃል። እውነቱን ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ ሳንቃው በቦታው ነበር። ባጫ፣ እናቱ ናት በለው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ካለ ይምጣ፣ በሬን አልዘጋም።»

«በእርስዎ ላይ ማን ይመጣል፣ እማማ?» አለ ባጫ።

ቄሱ ሳይመሽ ጉድጓዱን አስቆፍረው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይጠብቁ ነበርና ጊዜ አልነበረም። ደቻሳ ከእንጨቱ ክምር ሁለት ረጃጅም አጣና አምጥቶ ቃሬዛ አሰናዳ። ጉልላትን ከፍነው አሳረፉት። አቶ ገለታና ደቻሳ የፊቱን ጫፍ ያዙ። ባጫ የኋላውን ቀኝ ያዘ። በግራው በኩል የሚይዝ ጎረቤት አልመጣም። ባጫ ወደ ተዘጉት ደጆች ተመለከተ፣ ጠበቀ። አንድም በር አልተከፈተም።

ባዩሽ ሕፃኑን ለአማቷ ሰጥታ፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ በባዶ እግሯ ወደ ቃሬዛው መጣች። ጎንበስ ብላ አራተኛውን ጫፍ ያዘች።

«አራስ ናት!» አለ ደቻሳ ደንግጦ። «እሜቴ፣ ኧረ ይከልክሏት!»

ወይዘሮ ወለተማርያም ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ምራታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአት።

«ተዋት» አሉ። «ትሸኘው።»

ባጫ ክብደቱ ወደ እሱ እንዲያደላ አጣናውን ከሷ ዝቅ አድርጎ ያዘ፤ አራቱም አንድ ላይ ተነሡ።