የማሰሮው ቋጠሮ

ተስቦው ከተማይቱን ባስጨነቀበት ዓመት፣ በሐምሌ አንድ ጭጋጋማ ማለዳ፣ የወንዝ ዳሩ ሰፈር ጭር ብሎ ነበር፤ የከተማው ሹም ባስነገሩት አዋጅ መሠረት ሕመም የገባበት ቤት በሩ በኖራ ይቀባል፤ በውስጡ ያለ ሰው ከደጃፉ አያልፍም፤ ሊጠይቅ የገባም አይመለስም። እነዚያን ቤቶች የሚያስታውሱ የሰፈሩ በጎ አድራጎት ማኅበር ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ደመወዝም ሹመትም ሳይኖራቸው፣ ማለዳ ማለዳ ሾርባ የሞላ ማሰሮ በየደጃፉ ያኖራሉ። በማግሥቱ ማሰሮው ባዶ ሆኖ ከተገኘ ቤቱ ሰው አለው ማለት ነው፤ እንደ ሞላ ካደረና ዘበኞች ተጣርተው መልስ ካጡ ግን፣ በሽታው እንዳይዛመት ቤቱ ከነሬሳው ይቃጠላል።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ጥጥ ፈታይ ነበረች። ውሾች ማሰሮውን እየገለበጡ ቢያስቸግሩ፣ ክዳኑን በራሷ ሲባጎ ጥፍር አድርጋ ማሰር ጀመረች። ማማሰያ ከእጃቸው ስለማይለይ «እማማ ማማሰያ» የሚባሉት የማኅበሩ አለቃም፣

«አንቺ የቋጠርሽውን እንኳን ውሻ ሰይጣን አይፈታውም!» ብለው አሳቋት። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ ነበር።

በዚያ ማለዳ ግን ወደ ታናሽ እህቷ ቤት ስትታጠፍ እርምጃዋ ወደ ሩጫ ተለወጠ፤ ትናንት ያኖረችው ማሰሮ እዚያው ነው፤ የዘበኞቹም አለቃ ችቦ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ በእናትዎ! እህቴ ናት! ከእርሷ ሌላ ማንም የለኝ!»

«ጉሮሮዬ እስኪነቃ ተጣራሁ፤ ትንፍሽ የሚል የለም» አለ አለቃው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። «ደስ ብሎኝ መሰለሽ? ትናንት የአናጢውንና የሚስቱን ቤት ሳቃጥል ፊቴን አዙሬ ነበር። ይኸው ማሰሮው ሙሉ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ? ዞር በይልኝ።»

ዞር አላለችም፤ ማሰሮው ላይ ተደፋች። ያኔ ነው ቋጠሮውን ያየችው፤ ሲባጎው ተላምጧል፤ ጫፉ በጥርስ ተበጣጥሷል፤ ክዳኑ ላይ የጥፍር ጭረትና የደረቀ ደም አለ። ቋጠሮው ግን ፍንክች አላለም።

«ወጥታ ነበር!» ብላ ጮኸች። «ልትፈታው ታግላ አቅቷት ነው!»

«ከገባሽ አትመለሺም!»

«አልመለስም!»

ማሰሮውን አቅፋ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። እህቷ ከበሩ ሥር ወድቃለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኗ ግን ይንቀሳቀሳል።

«እትዬ» አለች በሚያቃትት ድምፅ፣ «አልፈታ አለኝ።»

ፈታይዋ ቋጠሮውን በጥርሷ ቆረጠችው፤ እያለቀሰች ሾርባውን ጠብታ በጠብታ አጠጣቻት። ውጭ አለቃው ችቦውን ጭቃ ውስጥ ሲደፍቀው ተሰማ። ወደ በሩ ጠጋ ብሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«የአናጢውም ማሰሮ ታስሮ ነበር» አለ። «ያሰረው ማን ነው?»

እጇን አየችው፤ ከዚያም በሩን ሳትከፍት፣

«ለእማማ ማማሰያ ይንገሩልኝ» አለች፤ «ሲባጎው ይቅር፤ ከየማሰሮው አጠገብ ሰው ይቁም።»

እህትማማቾቹ ኖራው ከበሩ እስኪታጠብ አብረው ተዘግተው ሁለቱም ተረፉ። የዘመኑ ጸሐፊም ተስቦው በሹሙ ብልኀትና በእሳት እንደ ጠፋ ጻፈ፤ ስለ ሴቶቹም ሆነ ስለ ማሰሮው አንድ መስመር አላሰፈረም። ፈታይዋ ግን እስክትሸመግል ድረስ ማኅበሩን አገለገለች፤ የሚታሰር ነገር ሲመጣ ለሌላ ሰው ታቀብል ነበር። ቤታቸው ሲቃጠል አናጢውና ሚስቱ ሞተው ነበር ወይስ አልሞቱም ብሎ የጠየቀ ጸሐፊ የለም፤ እሷ ግን በተቃጠለው ቤት በኩል ባለፈች ቁጥር ትጠይቅ ነበር።