ዘመነ ዮሐንስ በካርቱም

መስከረም ፲፭ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ በመነሣቱ የተቆጣው የካርቱም ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ነበር፤ ሱቅ ዐረቢ በተባለው ገበያ በኩል የጎማ ጢስ ሰማዩን አጥቁሮታል፤ አውቶቡስ የለም፤ ኢንተርኔትም ተቋርጧል። በአል-ጣኢፍ፣ ባለጠጎች በሚኖሩበት ሰፈር፣ ዘበኛው ጥዑመልሳን ግን እንደ ወትሯቸው በአንድ ነጭ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

እኒህ ሰው በጎጃም ድጓና ባሕረ ሐሳብ የተማሩ፣ በመሪጌታነት ያገለገሉ ሊቅ ነበሩ፤ ሚስታቸው ብትሞትባቸው ሕፃን ልጃቸውን ቤቲን አዝለው በመተማ በኩል ሱዳን ከገቡ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አብዛኛው ሰው የሚጠራቸው «ያ ገፊር» ብሎ ነው፤ አንተ ዘበኛ እንደ ማለት። በከተማው አል-ሳሃፋ ሰፈር ያደገችው ቤቲ በዚያው ቤት ምግብ ታበስላለች፤ በአባቷ አታፍርም ነበር ማለት ግን ውሸት ነው።

የቤቱ ተከራይ አባ ታዴውሽ ፖላንዳዊ የካቶሊክ ቄስና የታሪክ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ወደ ሱዳን የመጡት የጥንቱን የኑብያ አብያተ ክርስቲያናት ለማጥናት ነው። የዩኒቨርሲቲያቸውን የነገረ መለኮት ፋኩልቲ ታሪክ ጽፈው ጨርሰዋል፤ የመጨረሻው እርማት ለማተሚያ ቤቱ መድረስ ያለበት በማግስቱ ሐሙስ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ታቃጥላቸዋለች። በእነርሱ አቈጣጠር በ1939 የጀርመን ጦር ዩኒቨርሲቲውን ሲዘጋ፣ «እኛ ሰባት ሆነን በዳቦ ቤት ምድር ቤት ተደብቀን ተምረናል» ይሉ የነበሩት መምህራቸው አባ ሚኮላይ፣ ወረቀት አምጡ ቢባሉ አጥተው፣ ተረተኛ ተብለው ሞተዋል። መጽሐፉም ማስረጃ የለውምና «ፋኩልቲው ስድስት ዓመት ዝም አለ» ይላል።

ከቀትር በኋላ ተኩሱ ቀረበ። አባ ታዴውሽ ረቂቃቸውን በረንዳ ላይ ዘርግተው ሳለ ዘበኛቸውን እንደ አጎት አክብረው በዐረብኛ ተጣሩ።

«ዐም ጥዑም፣ ተዓል! ይምጡ፤ ከበሩ ይራቁ፤ እዚህ ይቀመጡ።»

ጥዑመልሳን ገብተው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውም ጠረጴዛው ላይ ካለ ፎቶግራፍ ላይ ወደቀና ቀረ። የብራና ዳዊት ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ከኢየሩሳሌም ተጠርተው በፋኩልቲው ግዕዝ ያስተምሩ የነበሩት የአለቃ ቢልልኝ ንብረት ነው። በኅዳጉ የእጅ ጽሕፈት አለ፤ አባ ታዴውሽ አማርኛ ስለማያውቁ ለጌጥ ያህል ሊያትሙት ነበር ያሰቡት።

«አባታችን፣ ላንብበው?» አሉ ጥዑመልሳን፤ መልስም ሳይጠብቁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «‹በኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ትምህርት ቤቱ ታሽጎ ሳለ፣ በዳቦ ቤት ምድር ቤት ለሰባት ደቀ መዛሙርት ዳዊት አስነበብሁ፤ ቢልልኝ።›»

ወደ ዐረብኛ ሲመልሱላቸው የአባ ታዴውሽ ብዕር ከእጃቸው ወደቀ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«የቤተ መጻሕፍታችን መዝገብም 1932 ነው የሚለው። ያን ጊዜ ጦርነት አልነበረም። ይህን ይዤ ብቀርብ ይሥቁብኛል።»

«የእናንተ 1932 አይደለም፤ የእኛ ነው። በእናንተ 1939 ይሆናል።»

ሻይ ይዛ የመጣችው ቤቲ በኀፍረት ቀላች። «አባዬ፣ ኻላስ! በቃ! ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው የጻፈው። አንተ ገፊር ነህ፣ ምን አገባህ?»

ጥዑመልሳን ቃሉ አመማቸው፤ ልጃቸው እንዲህ የምታያቸው መሆኑን ልባቸው ያውቅ ነበር፤ ከአፏ ሲሰሙት ግን ሌላ ነው። ቢሳሳቱ ዳግመኛ አፋቸውን አይከፍቱም። ቢሆንም ሃያ ሁለት ዓመት ያልነኩትን ትምህርት በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ።

«ይጻፉ፣ አባታችን። የእኛ ዓመት በየተራ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠራል። አምስት ሺ አምስት መቶ ዓመተ ፍዳ አለ፤ በዚያ ላይ 1932 ይደምሩ፤ ለአራት ይክፈሉ። ምን ተረፈ?»

«ምንም።»

«ምንም ካልተረፈ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ጸሓፊው በእናንተ ቈጥረው ቢሆን ኖሮ ያ ኅዳር በእኛ 1925 ይሆናል። እስቲ እሱን ይደምሩና ይክፈሉ።»

ቄሱ ጻፉ፤ ሰረዙ፤ ደግመው ጻፉ። «አንድ ተረፈ።»

«አንድ ማቴዎስ ነው። አለቃ ግን ዮሐንስ ብለው ጽፈዋል። መዝገባችሁን የጻፈው ሰው ቍጥሩን አይቶ ወንጌላዊውን ዘለለው።»

አባ ታዴውሽ ተነሡ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «አባ ሚኮላይ አልዋሹም!» አሉ፤ ቀጥሎም የዘበኛቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ያ ኡስታዝ፣» አሏቸው፤ መምህር ሆይ ማለታቸው ነው። ቤቲ ትሪውን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች፤ አባቷን ገና ያን ዕለት ያየቻቸው መሰላት።

በማግስቱ ኢንተርኔት ተመለሰ። አባ ታዴውሽ ያችን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው፣ «ፋኩልቲው አንድም ቀን ዝም አላለም» ብለው ጻፉና ከመላካቸው በፊት ጥዑመልሳንን ጠየቁ።

«በግርጌ ማስታወሻው ከስምዎ በፊት ምን ብዬ ልጻፍ?»

«መሪጌታ፣» አሉ ጥዑመልሳን፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

የዚያን ሳምንት ታሪክ የጻፉ ሁሉ ስለ ጢሱና ስለ ሞቱት ወጣቶች ጻፉ፤ ሊጽፉም ይገባቸው ነበር። አለቃ ቢልልኝ የት እንደ ተቀበሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ከሰባቱ ደቀ መዛሙርትም የስድስቱ ስም ጠፍቷል። ታሪክ ለጥዑመልሳን የሰጣቸው ቦታ በገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመች አንዲት መስመር ናት። መጽሐፉ ካርቱም በደረሰ ዕለት ቤቲ ፖሊሽኛውን ማንበብ ባትችልም በላቲን ፊደል የተጻፈውን የአባቷን ስም ፈልጋ አገኘች፤ ከፊቱ ያለችውንም ቃል ደጋግማ አነበበች። ከሰዓት በኋላ አንድ እንግዳ መጥቶ በሩን እየደበደበ «ያ ገፊር!» ብሎ ሲጣራ፣ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች።

«እዚህ ቤት ገፊር የለም፤ መሪጌታ ጥዑመልሳን ናቸው ያሉት» አለችው፤ በሩንም ራሷ ከፈተችለት።