የወናፍ ነፊዋ ስም

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰውም ውሻም ጥላ ይዞ ይተኛል። ወሰንየለሽም መስኮቷን ዘግታ፣ ማራገቢያውን ወደ እግሯ አዙራ ጋደም ትላለች። የእህቷ ልጅ ትርሲት ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ለምሳ ስትመጣ ስልኳን ትራሱ አጠገብ ታስቀምጥላታለች፤ ከስልኩም የኦርጋን ድምፅ ይወጣል፤ ግድግዳ የሚያክለው፣ ባለ ብዙ ቧንቧው፣ የትልልቅ ቤተክርስቲያናት ኦርጋን። ከየአገሩ የተቀዳ ጨዋታ እያመጣ የሚለጥፍ አንድ ቻናል አለ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ትርሲት በአጋጣሚ አግኝታው "እቴቴ፣ ያንቺ ነገር!" ብላ ከፈተችላት፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ኦርጋን እንቅልፍ አይወስዳትም።

ሌላው ሰው የሚያዳምጠው የተጫዋቹን ጣት ነው። ወሰንየለሽ የምታዳምጠው ነፋሱን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በሚሲዮኑ ጸሎት ቤት፣ ከኦርጋኑ ጀርባ፣ ከእንጨት ግድግዳው ኋላ ባለች መስኮት አልባ ጉሮኖ ውስጥ ቆማ፣ በር የሚያክለውን ወናፍ በእጀታው እየጫነች ቧንቧዎቹን ነፋስ ስትመግብ ኖራለች። ቆዳና ሻጋታ ይሸታል፣ ጨለማ ነው፣ ከራሷ ትንፋሽ በቀር ጓደኛ የለም። ከግድግዳው ወዲያ የኦርጋን ተጫዋቹ የመምህር ኪዳኔ ወንበር ሲንቋቋ ትጀምራለች፤ ከራሷ በላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ደወል በገመድ ስበው ሁለቴ ሲደውሉ ታቆማለች። ሳይደወል እጅ መልቀቅ ነውር ነው፤ መዝሙሩ ትንፋሽ አጥሮት መሃል መንገድ ላይ ይሞታላ! በእሷ እጅ አንድም ቀን አልሞተም። ወባ እያንቀጠቀጣት እንኳ አልሞተም።

አንድ ማክሰኞ ከስልኩ የወጣው ድምፅ ከትራሷ ብድግ አደረጋት። ምስሉን ሳታይ አወቀችው፤ ሌሎቹ ዝም ካሉ በኋላ ብቻዋን ትንሽ የምታለቅስ አንዲት ቧንቧ ነበረች፣ እሷው ናት። የራሳቸው ኦርጋን ነው! ከሥሩ "መምህር ኪዳኔ፣ ድሬዳዋ" ተብሎ ተጽፏል። አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። "ጣቶቹ ይባረኩ" ይላል አንዱ። "ይህን ሁሉ ብቻቸውን!" ይላል ሌላው።

ወሰንየለሽ ደሟ ፈላ። ብቻቸውን? መምህር ኪዳኔ የሞቱት የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው፤ እዚያው ወንበር ላይ፣ መዝሙሩን ሳይጨርሱ። እሷ ከጀርባ ሆና ምን ታውቃለች? ደወል አልተደወለም። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ በድን እጅ የተጫነውን አንድ ድምፅ ስትነፋ ቆየች፤ ሰዎች መጥተው ነው ጣቶቿን ከእጀታው ያላቀቋቸው። ታዲያ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ምን ቢባል ጥሩ ነው? "ከሚወዱት ኦርጋን ጋር ብቻቸውን ሳሉ አረፉ።" ይህ ነገር እስከ ዛሬ አንጀቷን ያሳርራታል።

"ጻፊ!" አለቻት ትርሲትን። "ነፋሱን የነፋው ማነው በያቸው። ያለ እኔ ጣታቸውን ይጠቡ ነበር በያቸው!"

"ኧረ እቴቴ፣ በሕዝብ ፊት እንዲህ ይባላል?"

"እኔን ሠላሳ አንድ ዓመት ጨለማ ውስጥ ማቆምስ ይባላል? ስሜን ይጻፉ! ለምታውቂውም ሰው ሁሉ ላኪው።"

ትርሲት እየሳቀች ጻፈች፤ ለየግሩፑም አጋራችው። መልስ አልመጣም። የመምህር ኪዳኔ ጨዋታ ግን መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየቀኑ ይለጠፍ ጀመር።

በነዚያ ቀናት የወሰንየለሽ የቀን እንቅልፍ ከበደ። ስትነቃ ቀሚሷ በላብ ተነክሮ፣ ትከሻዋ ዝሎ፣ አፏ ውስጥ የአቧራና የአሮጌ ቆዳ ጣዕም ይቆያታል። አንድ ቀን እጇን ስትታጠብ መዳፎቿ ውኃ ቋጥረው አየች። አዲሱ ሳሙና ነው ብላ ሳሙናውን ሰድባ ተወችው።

ሐሙስ ዕለት ከቧንቧዎቹ ድምፅ በስተኋላ የወናፉ ሲጥ ሲጥ ማለት ጎልቶ ተሰማ። አራት ረጅም፣ አንድ አጭር። ግራ ትከሻዋ ስለሚያማት እንዲህ የምትነፋው እሷ ብቻ ናት።

"ሰማሽ? እኔ ነኝ! ድሮ ቀድተውኝ ነው፣ ሌቦች!"

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ፣ በስልኩ ውስጥ ወናፉን የሚነፋው ሰው ሳለ። ሦስት ደረቅ ሳል፣ መጨረሻው ላይ ቀጭን ፉጨት። ከዚያ ደወሏ ሁለቴ አለችና ቅጂው አበቃ። ትርሲት የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። ይህ ሳል ወሰንየለሽን የያዛት ዘንድሮ፣ ከፋሲካ ወዲህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እሳት ለብሳ ጸሎት ቤቱ ደረሰች።

"ጋሽ ለሜሳ! ማንን ነው እዚህ የምታስገባው?" ብላ ዘበኛው ላይ ጮኸችበት።

"ኧረ ወይዘሮ ወሰን፣ ማን ይገባል ብለሽ? ቁልፉ እንኳ ዝጓል። ወናፉንም አይጥ ከጨረሰው ቆየ።"

እውነቱን ነበር። በሩ በስንት ትግል ሲከፈት የጉሮኖዋ ወለል የሰው ዱካ ያልነካው አቧራ ለብሷል፤ የወናፉ ቆዳ ተበጫጭቆ የእንጨት ጎድን አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። በዚህ ኦርጋን ቀርቶ ትንኝ አይነፋም። እጀታው ላይ ግን አቧራ የለም። ጨበጠችው። ሞቋል፤ በላብ ርሷል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር። እሷ ግን ተናደደች።

"ሞተህም አታሳርፈኝም?" አለች ወደ ግድግዳው፤ መምህር ኪዳኔን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ስትል። "አሁንም ባሪያህ ነኝ? በል ከእንግዲህ ደውል!" ደወሏን ከገመዱ ላይ ነጭታ፣ ጋሽ ለሜሳ አፉን ከፍቶ እያያት ወጣች። ደቻቱ ወንዝ በላይኛው አገር ዝናብ ሞልቶ እያገሳ ነበር፤ ከድልድዩ ላይ ሆና ባላት ጉልበት ሁሉ ወረወረቻት፤ ጭቃማው ጎርፍ ዋጣት። ወሰንየለሽ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀለል አላት።

ቤቷ ስትገባ ትርሲት ስልኳን ይዛ በር ላይ ጠበቀቻት።

"እቴቴ! ስምሽን ጻፉት! ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ላይቭ ነው ይላል። ስሚ፦ 'ጣት፣ መምህር ኪዳኔ። ነፋስ፣ ወሰንየለሽ ደምሰው።'"

ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። እንባዋ መጣ፤ ንዴቱ ግን አልለቀቃትም። "አሁን ነው እንዴ ትዝ ያልኳቸው!" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። ሞቶ የተቀበረ ሰው እንዴት ላይቭ ይጫወታል ብላ አልጠየቀችም፤ ስሟ ተጽፏላ። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ለማዳመጥ ብቻ፣ ጋደም አለች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ ጨለማው። ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ተንቋቋ፤ እጆቿ እጀታውን ከያዙ ቆይተዋል። ነፋች። ሺህ ሰው ስሟን እያነበበ ልታፍር ነው እንዴ? አራት ረጅም፣ አንድ አጭር፤ እንደዚያ ቀን አምሮባት አያውቅም። መዝሙሩ አለቀ፤ የመጨረሻዋ ቧንቧ ብቻዋን ትንሽ አልቅሳ ዝም አለች። ወሰንየለሽ እጀታውን እንደተጫነች፣ መዳፏ እየተላጠ፣ ሳሏን ዋጥ አድርጋ ደወሉን ጠበቀች።

ከራሷ በላይ ባዶው ገመድ እንጨቱን እየፋቀ ሁለቴ ተሳበ፤ ቆይቶ ሁለቴ፣ ቆይቶ እንደገና ሁለቴ፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ከዚያም ወንበሩ ተንቋቋ።