የልብስ ሰፊው እግሮች

ልብስ ሰፊው ግንባሩን የስፌት መኪናው ላይ እንዳስደገፈ ሞቶ ተገኘ። በግማሽ የተሰፋ እጅጌ ከመርፌው ሥር ቀርቷል። መርማሪዋ ስትደርስ ታላቅ እህቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ሚስቱ ናት! ኮሌስትሮል እያለበት በእንቁላል ገደለችው። ቅርፊቱን ከቆሻሻ ውስጥ በእጄ አውጥቻለሁ!»

ሚስቲቱ አልካደችም። «ሲለምነኝ አንጀቴ አልችል እያለ፣ አልፎ አልፎ ቀቅዬ ሰጥቼዋለሁ» አለች።

ሬሳው ሲመረመር መርዝ አልተገኘበትም፤ የልቡ ደም ሥር በስብ ተደፍኖ ነበር። የጣቢያው አዛዥ ግን ቸኩሏል። «ሴትዮዋ በአፏ አምናለች፤ ምን ትጠብቂያለሽ? ነገ እይዛታለሁ» አላት መርማሪዋን።

መርማሪዋ ወደ እህትየው ተመለሰች።

«መድኃኒቱን ማን ነበር የሚሰጠው?»

«እኔው ነኛ! ለዚያች አምኜ ልተወው? የኮሌስትሮሉን ኪኒን አንድም ማታ አላጓደልኩበትም። አባታችንም ገና በጉልምስናው በልቡ ነው የሞተው፤ በዘራችን ያለ ነገር ነው።»

«የኪኒኑን ብልቃጥ ያሳዩኝ።»

«ሰውየው ከሞተ ወዲያ ምን ያደርግልኛል? ጣልኩት!»

ደግማ ብትጠይቃትም ያንኑ መለሰችላት። መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

በልብስ ስፌት ቤቱ ከሟቹ ጋር ይሠራ የነበረው ጨርቅ ቆራጭ ሜትሩን ከአንገቱ ስለማያወርድ ስሙም «ሜትር» ሆኖ ቀርቷል። እንባውን በእጅጌው እየጠረገ «ሰሞኑን እኮ ጎረምሳ ሆኖ ነበር» አላት። «በፊት ፔዳሉን ሲረግጥ ጭኑን ይዞ ያቃስት ነበር። ‹ሜትር፣ እነዚህን እግሮች ቆርጠህ ሌላ ስፋልኝ› ይለኝ ነበር። በኋላ ተወው። እንዲያውም እኔኑ ሽማግሌ ማለት ጀመረ!»

«ኪኒኑን አቁሞ ነው?»

«የት አባቱ ያቆማል! እህቱ እንደ ሕፃን አፉን አስከፍታ ነው የምታውጠው።»

መርማሪዋ በቀጥታ ወደ ሟቹ ሐኪም ሄደች። በማግስቱ ሁሉንም፣ አዛዡንም ጭምር፣ ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች።

«ኮሌስትሮል ከሳህን ብቻ የሚመጣ መስሏችኋል» ስትል ጀመረች። «አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ሰውነት ነው፤ በተለይ ጉበት። ያለ እሱ የሕዋሳችን ሽፋን አይጸናም፣ ሐሞትም አይሠራም። ከምግብ ሲያንሰው ደግሞ ጉበት ጨምሮ ያመርታል። ጤነኛ ጉበት ትርፉን ከደም መልሶ ይስባል፤ የሟቹ ጉበት ግን ከአባቱ በወረሰው ጉድለት ይህን በደንብ አይችልም ነበር። ያቆየው ያ ኪኒን ነው፤ ጉበቱ አብዝቶ እንዳያመርት ይገታለት ነበር። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ጡንቻ ያሳምማል።»

«ጭኑን!» አለ ሜትር።

«አዎ። ሕመሙ የተወው ኪኒኑ ስለቀረ ነው። ሆኖም በየማታው አንድ ነገር ይውጥ ነበር፤ የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ነበር። እትዬ፣ ምን ነበር የሚሰጡት?»

እህትየው አንገቷን ደፋች።

«ቫይታሚን» አለች። «ሲያቃስት መስማት አቃተኝ። ስቡን ከቤት ካጠፋሁ ከየት ይመጣበታል ብዬ ነው። ብነግረው ደግሞ እንቢ ይለኝ ነበር።»

«ለዚህ ነው ሞቱን ከልብዎ አምነው እንቁላል ላይ የጣሉት። ለሐኪሙ አንዲት ቃል ቢናገሩ እኮ መጠኑን ይቀንስለት፣ ወይ ሌላ ይቀይርለት ነበር! አንዲት ቃል!» የመርማሪዋ ድምፅ ካሰበችው በላይ ጮኸ።

«እና አሁን ማንን ልያዝ?» አለ አዛዡ።

መርማሪዋ ወደ እህትየው ተመለከተች። የምትጠላው ገዳይ ስትፈልግ ሰንብታ ነበር፤ ያገኘችው ግን ወንድሟን የምትወድ እህት ነበረች።

«እኔስ?» አለች ሚስቲቱ። «እውነቱን ይንገሩኝ። አለሁበት?»

«የለሽበትም፣ እህቴ» አለቻት መርማሪዋ።

ያኔ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀሰች። እህትየው ከመቀመጫዋ ተነስታ መጣችና እጇን ዘረጋችላት። ሚስቲቱ የተዘረጋውን እጅ አየችው፤ አልያዘችውም፣ አልገፋችውም።

«ዛሬ አልችልም፣ እትዬ» አለች።