ከመሰላል ላይ የመጣ እርማት

በከዋክብት መካከል ያለው ጋዝ እንዴት እንደሚፈስ ለአዲስ ተማሪዎቼ እያስተማርኩ ነበር። ጋዙ በስበት ተጎትቶ ወደ ኮከቡ ሲወርድ የሚያሳየውን ስሌት ጽፌ ዞር ስል፣ መሰላል ላይ ቆሞ የክፍሉን ቧንቧ የሚጠግነው ሰውዬ ይስቃል።

«ምን ያስቅሃል?»

«ይቅርታ፣ መምህርት። እፍጋቱ አይለወጥም ብለው ጻፉ። ለውሃ ልክ ነው። አየርን ግን እኛ ካላማ መዳብ ማውጫ ስሠራ በማሽን ስንጨምቀው ነበር የምንውለው። ያ ሁሉ ጋዝ ወደ አንድ ኮከብ ሲጋፋ እንዴት አይታመቅም?»

ሰሌዳውን አየሁ። ልክ ነው። ያፈርኩት ማፈር!

በእኛ ትምህርት ክፍል፣ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ መምህር ያረመውን ሰው ምሳ ይጋብዛል። ተማሪዎቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ «ምሳ! ምሳ!» አሉ።

በከተማችን አንቶፋጋስታ ወደብ፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ ሳምቡሳ መሰሉን ኢምፓናዳ በላን። ስሙ ኤላዲዮ ማማኒ ነው።

«ከዚያስ ጋዙ ምን ይሆናል?» አለኝ።

«ከድምፅ ፈጥኖ ይወርድና ከቆመው ጋዝ ጋር ይላተማል። ያኔ በጣም ይግላል።»

ማኘኩን ትቶ አየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። በሦስተኛው ምሳ «እርስዎ» ማለቱን ተወ፤ በሰባተኛው ወር እንደምወደው ነገርኩትና እሑድ ቤታችን ወሰድኩት።

አባቴ ጡረታ የወጣ የወደብ ሐኪም ነው። የኤላዲዮን የሻከረ እጅ አይቶ ሹካውን አስቀመጠ።

«ያስና፣ ልጄ ዶክተር ሆነች ብዬ ስኮራ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ታመጪብኛለሽ? እዚህ ገበታ ላይ ወይ እሱ ወይ እኔ።»

ኤላዲዮ ተነሣ። «ልሂድ፣ የኔ ፍቅር። ከአባትሽ አላጣላሽም።»

«የትም አትሄድም!» አልኩት። ደሜ ፈላ። «አባዬ፣ ስለ ከዋክብት ጋዝ ሳስተምር ስሳሳት ያረመኝ እሱ ነው። አንተ በሠላሳ ዓመት ዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ የምሠራውን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ሁለት ሳህን አንሥቼ የኤላዲዮን እጅ ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ቆመን መብላት ጀመርን።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ናት፤ ሳህኗን ይዛለች። አባቴን ተቃውማ አታውቅም። ከኤላዲዮ ጎን ቆመችና፣

«እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄሽ አላውቅም» አለችኝ። «ንገሪኝ እስቲ፤ ያ ጋዝ የት ነው የሚሄደው?»