አባያ ዳር የቆመችው ሴት

ፈጠራ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። እኔ ግን ሔርሜላን አውቃታለሁ... ያላየችውን የምታወራ ሰው አይደለችም።

ባለፈው ሚያዝያ ነው። አርባ ምንጭ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አባያ ሐይቅ ላይ።

ሔርሜላ ፎቶግራፍ አንሺ ናት። ካሜራዋን አንግታ ከከተማ ከተማ ትዞራለች። አርባ ምንጭ የመጣችው ለአንድ ሆቴል ፀሐይ ያረፈበት ሐይቅ ልታነሳ ነበር።

ፀሐይ የለም።

ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ። ሲቀላ ሰፈር ካለው መኝታዋ መስኮቱን ስትከፍት ዝናብ። አባያንና ጫሞን ከላይ ላንሳ ብላ ወደ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ስትወጣ ደመና... በሐይቆቹ መሃል ያለው የእግዜር ድልድይ እንኳ አይታይም። ባጃጆቹ ጭቃ ይረጩባታል። ሌንሷ በእርጥበት ይታፈናል። ትጠርገዋለች። መልሶ ይታፈናል።

ሥራውን የሰጣት፣ ደግነት የሚባል ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ መደወሉን አይተውም።

"እህ፣ ፀሐይ ወጣች?"

"የማወጣት እኔ ነኝ እንዴ?!"

ጆሮው ላይ ዘጋችበት። በዚያው ንዴት ወደ ሐይቁ ወረደች።

ዳር ላይ ያገኘችው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኤርጫፎ ይባላል፤ በዕድሜ ጠና ያለ ዓሣ አጥማጅ። ጀልባውን እያሰረ ነበር።

"ጋሽ ኤርጫፎ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ውስጥ አስገባኝ።"

"ዛሬ አባያ ጥሩ አይደለም፣ እህቴ።"

"ባዶ እጄን ልመለስ ነው እኮ!"

እንባዋ እንደመጣ ሲያይ አሳዘነችው። መቅዘፊያውን አነሳ።

ሲነሱ ዳሩ ላይ ሰው አልነበረም። በዚህ ሁለቱም ይምላሉ።

ጥቂት እንደሄዱ ዝናቡ ባሰበት። ውሃው ቀይ፣ ሰማዩ ግራጫ። ሔርሜላ አንድም የረባ ፎቶ አላገኘችም። ተስፋ ቆርጣ ትልቁን ሌንስ ወደ ዳር አዞረች...

ሴት ቆማለች።

ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ጃንጥላ። በእጇ ኑ፣ ኑ ትላለች።

"ጋሽ ኤርጫፎ፣ የምትጠራህ ሴት አለች።"

ካሜራውን ተቀብሎ አየ። ፊቱ በራ።

"አበራሽ! ባለቤቴ ናት። ላይ ተራራው፣ ጨንቻ እናቷ ጋ ነበረች እኮ... መቼ ወረደች?"

ስልኩን ከላስቲክ አውጥቶ ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነበርና ሔርሜላም ሰማች።

"አቤት፣ ኤርጫፎ።"

"ምን ሆነሽ ነው በዚህ ዝናብ የመጣሽው?"

"የት?"

"ሐይቁ ዳር ነሻ! እያየሁሽ እኮ ነው።"

"ኧረ እኔ ጨንቻ ነኝ። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ማን ይወርዳል? ኤርጫፎ... ማንን ነው የምታየው?"

ሔርሜላ በሌንሱ ደግማ አየች።

ሴትዮዋ ስልክ አልያዘችም። በአንድ እጇ ጃንጥላ። ሌላው እጇ ባዶ... ኑ፣ ኑ ይላል።

ነፋሱ ሸንበቆውን መሬት ያስተኛዋል። የሴትዮዋ ነጠላ ግን ንቅንቅ አይልም።

ኤርጫፎ ስልኩን ዘጋው። የጀልባዋን አፍንጫ አዞረ።

"ወዴት ነው?" አለችው በሹክሹክታ።

"ሌላ ቦታ እንወጣለን። ዝም በይ።"

ዳር ዳሩን ቀዘፉ። ቁጥቋጦውን ዞሩ። ወደ ሌላው መውጫ ሲጠጉ...

ቆማ ትጠብቃለች።

ስትሄድ አላዩዋትም። ብቻ እዚያ ነበረች።

እንደገና ራቁ። እንደገና ተጠጉ። እንደገና እሷ። ሔርሜላ ጀልባዋ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በጆግ እየቀዳች ትደፋለች። የቀዳችውን ያህል ዝናቡ ይሞላዋል። ቀኑን ረገመች። ደግነትን ረገመች። ራሷን ረገመች።

"በዋና ብንወጣስ?"

"አዞ አለ።"

መምሸት ጀመረ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አለፈ።

"ጌታ ሆይ..." አለ ኤርጫፎ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "ከዚህ በላይ ከቆየን እንሰምጣለን። እንወጣለን። ፊቷን እንዳታዪው። ብትጠራሽም አቤት እንዳትይ።"

ቀጥታ ወደ ሴትዮዋ ቀዘፈ።

ጀልባዋ አሸዋውን ነካች። ሔርሜላ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ዘለለች። ኤርጫፎ እጇን ያዘ።

እግሮች አየች። ባዶ እግሮች... ጭቃ ያልነካቸው።

እግሮቹ ወደ እነሱ መጡ።

በዚያ ሁሉ ዝናብ መሃል የደረቅ አቧራ ሽታ የሔርሜላ አፍንጫ ውስጥ ገባ።

እግሮቹ አለፏቸው።

እነሱን አልነበረም የምትጠብቀው።

ከኋላቸው እንጨት ሲጮህ ተሰማ። ሰው ጀልባ ላይ ሲቀመጥ እንደሚጮኸው።

"ጀልባህ..." አለች ሔርሜላ።

"ተያት።" ልጆቹን ያሳደገባት ጀልባ ናት። "ሂጂ ዝም ብለሽ። ተያት።"

ሮጡ። መንገዱ ጋ ሲደርሱ ግን ሔርሜላ አልቻለችም... ዞረች።

ካሜራዋ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እጇ አልታዘዝ አላት።

ጀልባዋ ማዕበሉን ፊት ለፊት እየሰነጠቀች ወደ ሐይቁ መሃል ትሄዳለች። ቀስ ብላ፣ ሳትወላውል፣ ልክ የለመደ ክንድ እንደሚቀዝፋት። ጥቁሩ ጃንጥላ መሃሏ ላይ ተዘርግቷል።

መቅዘፊያው ግን ኤርጫፎ እጅ ላይ ነበር።